የታችኛው ካርድ

ባለጓንቱ የማይጸየፈው ነገር ካለ ገና አልተፈጠረም። ሥራው የሰው ኮምፒውተር እየከፈቱ መጠገን ነው፤ የተከፈተ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ በአደባባይ የማያሳየው ገመና ሁሉ ተጠራቅሞ ይገኛል። ፀጉር፣ የጥፍር ቁራጭ፣ የደረቀ ሻይ፣ የሲጋራ ጭስ ያጠቆረው ቅባት። አንድ ጊዜ ከአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ውስጥ አሥራ አንድ የበረሮ ሬሳ አወጣና ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሮ ለባለቤቱ አሳየው። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ባለጓንቱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልወርድ አለው።

ለዚህ ነው ነጭ የጎማ ጓንት ሳያጠልቅ ካቻቪቴ የማያነሳው። ስሙም የመጣው ከዚያው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ጓንቱን ሲያጠልቅ ባዩ ቁጥር «እንግዲህ ሊያዋልድ ነው፣ ሙቅ ውሃ አምጡ!» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ መልስ አይሰጣቸውም። ከእነሱ ጋር መቀለድም እጅ የሚያቆሽሽ ይመስለዋል መሰለኝ።

ከሁሉ አብልጦ የሚጸየፈው ግን አጎቱን ነበር። አጎቱ የእናቱ ወንድም ነው፤ እናቱ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሙያውንም በእጁ ያስጨበጠው እሱ ነው። የጥገና ቤቱም የእሱ ነው። ባለጓንቱ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ውለታውንም ሲጠየቅ አይክድም። ነገር ግን ሰውየው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተደፍቶ ሲሠራ ለውዝ ይቆረጥማል። ገለባው እዚያው ሲረግፍ በእጅጌው ይጠርገዋል። ወረቀት ሊገልጥ ሲል ጣቱን በምላሱ ያረጥባል፤ መሐረቡ ላይ ይናፈጥና አጥፎ ከመክተቱ በፊት ያወጣውን አየት ያደርጋል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ባየ ቁጥር ባለጓንቱን ቋቅ ይለዋል።

አፉም አለ። ደንበኛ በገባ ቁጥር አጎቱ እጁን ዘርግቶ «ይቺ ኮምፒውተር እንዳትመስልህ፣ አውሮፕላን ናት! ከጠረጴዛህ ጋር እሰራት!» ይላል። እንዲህ የሚዋሽ ሰው ሌላም ነገር ሳያደርግ አይቀርም፤ እስካሁን እጅ ከፍንጅ አልያዝኩትም እንጂ፣ ይል ነበር ባለጓንቱ ለራሱ። ይህን ማለት ከጀመረ ስንት ዓመቱ መሰላችሁ? ስድስት።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። አዲስ የተገጣጠመ ማሽን ያለ ምራቂ፣ ማለትም በላዩ በነጻ የሚጨመር ስጦታ ሳይኖረው፣ ከበር አይወጣም። ምራቂውን የሚሰጠው ማሽኑን የገጣጠመው ሠራተኛ ነው፤ የሰጠውንም ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእጁ ይጽፋል። የአጎቱ ምራቂ መቼም አይለወጥም፤ ወይ የመስታወት መወልወያ ጨርቅ ነው፣ ወይ አበባ የታተመበት የማውስ ምንጣፍ። ባለጓንቱ ምንጣፉን ባየ ቁጥር ያፍራል። እኔ ስመርቅ ለሰው የሚጠቅም ነገር እመርቃለሁ እያለ ይዝት ነበር።

ከአንድ ወር በፊት አንዲት ንድፍ ሠሪ መጣች። ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን እንደ ተሠሩ አድርጋ በኮምፒውተር የምትሥል ሴት ናት። አንድ ክሊኒክ ሊሠራ ታስቧል፤ በሕንፃው ውስጥ ከበር እስከ ጣሪያ የሚዞር ፊልም አዘጋጂ ተብላ ተመርጣለች፤ ፊልሙ በቀኑ ካልደረሰ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አሮጌው ማሽኗ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ሁለት ግራፊክስ ካርድ በአንድ ላይ የሚያሠራ ማሽን ፈለገች፤ ሥዕሉን የሚሠራው ካርዱ ነውና ሁለት ሲሆኑ ሥራው በግማሽ ጊዜ ያልቃል። ይህን ሁሉ ስትናገር ባለጓንቱ ግማሹን አልሰማም። እሱ ያየው ከመግባቷ በፊት ጫማዋን በር ላይ መጥረጓን ነው። ጥፍሯም ንጹሕ ነበር። በዚያች ደቂቃ ልቡን ሰጣት ማለት ይቻላል።

ማሽኗን እሱ ራሱ ገጣጠመው። ሁለት ካርድ ዝም ብሎ አይሰካም። ካርዶቹ የሚሰኩት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ብዙ ማዘርቦርድ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ማስገቢያ ይኖረውና ታችኛው ለዓይን ብቻ ረጅም ይሆናል፤ ውስጡ ሲታይ መረጃ የሚያልፍበት መስመር ቀጭን ነው። ባለጓንቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወዳድር ሰነበተ። ሁለቱም ማስገቢያዎች የሚሠሩበት፣ በመካከላቸውም አየር የሚያልፍበት በቂ ርቀት ያለው ማዘርቦርድ መረጠ። ሰካ፣ አበራ፤ ማሽኑ ሁለት ካርድ ቆጠረ። ካንዴም ሦስቴ ሞከረው። ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣችውን የመመሪያ ደብተር ግን ከነላስቲኳ ሳጥኑ ውስጥ ተዋት። መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ነው ባይ ነበር።

ሙከራው ካለቀ በኋላ ምራቂውን አሰበ። ለንጹሕ ሰው ንጹሕ ስጦታ! ከራሱ ኪስ አንዲት አዲስ ኤስኤስዲ ገዛ፤ ማስቲካ የምታህል ቀጭን፣ ነገር ግን የንድፍ ሠሪዋን የዓመት ሥራ የምትይዝ ማከማቻ ናት። ማዘርቦርዱ ላይ ታች በኩል ባዶ ቦታ አገኘና ሰካት፤ በአንዲት ትንሽዬ ብሎን አሰራት፤ ክዳኑን ዘጋ። ደረሰኙ ጀርባ ላይም አሳምሮ «ኤስኤስዲ አንድ፣ ምራቂ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ማሽኑን ቤቷ ድረስ ያደረሰው አጎቱ ነበር፤ ባለጓንቱ የሰው ቤት መግባት ስለሚቀፈው።

ሦስት ሳምንት አለፈና ሐሙስ ጠዋት ንድፍ ሠሪዋ ደወለች። ድምፅዋ ሊያለቅስ የተቃረበ ሰው ድምፅ ነው።

«ፊልሙን ነገ እኩለ ቀን ላይ አስረክባለሁ። ትናንት የመጨረሻውን ሥራ አስጀመርኩትና ሒሳቡን ሳሰላው ነገ ማታም አያልቅም። አሁን ሳየው ማሽኑ የሚቆጥረው አንድ ካርድ ብቻ ነው።»

«ሁለቱም በርተዋል?»

«ሁለቱም በርተዋል፣ ማራገቢያቸውም ይዞራል። ግን አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። እስካሁን ትንንሽ ሥራ ስለነበር ልብ አላልኩትም። በናትህ ድረስልኝ።»

ባለጓንቱ ጓንቱን ቋጥሮ ሄደ። በመንገድ ላይ ነገሩን አገላበጠው። ሁለቱም ካርድ እንደሚሠራ በዓይኑ አይቷል። ከእሱ እጅ ከወጣ በኋላ ማሽኑን የነካው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለውና ደሙ ፈላ፤ በዚያው ሰሞን የዚሁ ዓይነት የተቃጠለ ካርድ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አጎቱ ማሽኑን ባደረሰ ቀን ከቦታው ጠፍቷል። መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሥራ ግን የለም። ደህናውን ነቅሎ የሞተውን ሰክቶበታል! ከዚህ የተለየ ምን ሊሆን ይችላል?

የንድፍ ሠሪዋ ቤት ሲገባ ሌላ ጉድ ጠበቀው። አንዲት ወፍራም ድመት ማሽኑ ላይ ተኝታለች። ሙቀቱን ወዳው ነው። በሦስት ሳምንት ጊዜ ማራገቢያዎቹ ፀጉር ለብሰዋል፤ ክዳኑን ሲከፍተው አንድ ዘለላ ፀጉር በአየሩ ተንሳፎ ከንፈሩ ላይ አረፈ። ባለጓንቱ አንገሸገሸው። ሶፋው ላይ የተቀመጡት የንድፍ ሠሪዋ እናት «አይዞህ ልጄ፣ ትጥላለች እንጂ አትናከስም» አሉት። ለጫማ መጥረግ የሰጣትን ልቡን በዚያው መልሶ ወሰደ።

የታችኛውን ካርድ ነቀለው። ልብ በሉ፣ ላይኛው ማስገቢያ ላይ ሰክቶ ቢያየው ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። እሱ ግን የሚያጣራው ነገር ያለ አልመሰለውም። የበሰበሰ ሥጋ እንደያዘ ሁሉ ካርዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ፌስታል ውስጥ ከተተው።

«ካርዱ ተቀይሯል» አላት።

«ማን ይቀይረዋል?»

«ማሽኑን ማን አመጣልሽ?»

«ጋሼ ራሳቸው።» ከዚያ ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እሳቸው? አጎትህ አይደሉም እንዴ?»

«አጎቴ ናቸው። ሌባም ናቸው። ስድስት ዓመት አውቄ ዝም አልኩ፤ ከእንግዲህ ግን አልችልም።»

ይህን ሲል ደረቱ ቀለል አለው። እውነት መናገር እንዲህ ያቀላል ብሎም አሰበ። ንድፍ ሠሪዋ በበኩሏ ስልኳን አነሳች፤ የሙያ ጓደኞቿ የሚሰባሰቡበት አንድ ግሩፕ አለ፤ ከዚያ ቤት ማሽን ያዘዙም ያሉበት ነው። በሩን ሳይዘጋ መጻፍ ጀምራ ነበር።

ጥገና ቤቱ ሲደርስ ሦስት ደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አጎቱ እንደልማዱ ለውዙን እየቆረጠመ አንድ አሮጌ ማሽን ይፈታል። ባለጓንቱ ቀጥ ብሎ ሄደና ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«የቀየርከውን ካርድ አምጣ!»

«የቱን ካርድ?»

«የልጅቷን! ዓይንህን በጨው አጥበህ ደግሞ የቱን ትለኛለህ? ደህናውን አውጥተህ የሞተውን ሰክተህባት መጣህ። በአንተ ምክንያት ሥራዋ ሊበላሽ ነው!»

ሠራተኞቹ ካቻቪቴያቸውን እንደያዙ ደነዘዙ። ከደንበኞቹ አንዱ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ጉያው ውስጥ ወሸቀው። አጎቱ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ካርዱን ከፌስታሉ አወጣ፣ ገለበጠው፣ የድመቷን ፀጉር በእጅጌው ጠረገ።

«ልጅቷ የምታስረክበው መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ነገ እኩለ ቀን።»

አጎቱ ተነሳ፤ ራሱ የሚሠራበትን ማሽን አጥፍቶ ከፈተና ውስጡ የነበረውን ካርድ ነቅሎ ሰጠው። ዓይነቱ አንድ ነው። «ይሄን ይዘህ ሂድ። ሥራዋ አይቁም። ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።»

ባለጓንቱ ካርዱን ነጥቆ ወጣ። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር፣ ይምል ይገዘት ነበር አለ በልቡ። ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። መንገድ ላይ ካርዱን ደጋግሞ በአልኮል ወለወለው፤ የለውዝ ሽታ ያለው መሰለው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ካርዱን ታች ሰክቶ ማሽኑን አበራ። መብራቱ በራ። ማራገቢያው ዞረ። ማሽኑ አንድ ካርድ ቆጠረ።

አጠፋና እንደገና አበራ። አንድ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። አንድ። በመጨረሻ ጠዋት ማድረግ የነበረበትን አደረገ፤ ላይኛውን ካርድ ወደ ታች፣ የአጎቱን ካርድ ወደ ላይ አዛወረ። አሁንም አንድ። ላይ የተሰካው ይሠራል፣ ታች የተሰካው አይሠራም፤ የትኛውም ካርድ ይሁን። ካርዶቹ ጤነኞች ናቸው። የታመመው ታችኛው ማስገቢያ ነው።

«የማዘርቦርዱ ሳጥን አለሽ?» አላት።

ሳጥኑን አመጣችለት። መመሪያዋ ከነላስቲኳ አለች። ጓንቱ ላስቲኩን ለመቅደድ ስላላስቻለው አወለቀው፤ በባዶ እጁ ቀደደና ገጹን አገላበጠ። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ በሠንጠረዥ ግርጌ አንዲት መስመር ተጽፋለች፤ ታችኛው የኤስኤስዲ ቦታ ከተያዘ ታችኛው የካርድ ማስገቢያ ይዘጋል፤ ሁለቱ የሚጋሩት አንድ መስመር ነው።

ያቺ ማስቲካ የምታህል ንጹሕ ስጦታ ማስገቢያውን ዘግታ ኖሯል። ከሙከራ በኋላ ሰክቷት፣ ዳግመኛ ሳያበራ ክዳኑን የዘጋው ራሱ ነው።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። አጎቱ ነው። ባለጓንቱ «አጎቴ ነው» ብሏት ወደ ኮሪደሩ ወጣና አነሳው።

«ካርዱን እዚህ ሰክቼ አየሁት» አለ አጎቱ። «ደህና ነው። መለያ ቁጥሩም የሷው ካርድ ቁጥር ነው። ከዚያ ደረሰኙን ገለበጥኩት፤ ኤስኤስዲ መርቀሃታል። ታች ነው የሰካሃት?»

«ታች።»

«አውጣትና ላይ ሰካት። ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ።»

«የተቃጠለው ካርድስ የት ሄደ?» አለ ባለጓንቱ። ለምን እንደጠየቀ ራሱም አያውቅም፤ አንዲት ጥፋት ብትገኝበት ብሎ ይሆናል።

«ለአስመጪው መለስኩት። ወረቀቱን መሳቢያህ ውስጥ ከትቼልሃለሁ፤ አላየኸውም?» የሚናፈጥ ድምፅ ተሰማ፤ ወይም ሌላ ነገር ነው። «ስማ። ለልጅቷ ካርዱ ነበር የተበላሸው በላት፤ ጠዋት ያልከው እንዳለ ይቅር። እኔ ላይ አንዴ ተብሏል፣ ሰውም ሰምቷል። እኔ አርጅቻለሁ። አንተ ገና ስም መሥራትህ ነው።»

«እሺ» አለ ባለጓንቱ።

እሺ ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመ። እጁን አየው። ጓንት ያላጠለቀ፣ ላብ ያጠመቀው፣ የድመት ፀጉር የተለጠፈበት እጅ ነው። በሕይወቱ ብዙ ነገር ተጸይፏል፤ እንደዚያች «እሺ» ያቅለሸለሸው ነገር ግን አልነበረም። ከአፉ ሊያወጣት ፈለገ፤ ምራቁን ቢተፋ የምትወጣ ነገር አልሆነችም።

ገባና ኤስኤስዲዋን ነቅሎ ላይ ሰካት። አበራ። ማሽኑ ሁለት ካርድ ቆጠረ። ንድፍ ሠሪዋ ሥራውን አስጀመረችና የቀረውን ሰዓት አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ከዛሬ አያልፍም።

«ተባረክ! አንተ ባትኖር ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር። እንዲያው እንዳንተ ያለ ሰው ከዚያ ሌባ ጋር እንዴት ይሠራል? ምን አለህ ደግሞ ደውሎ?» ጠዋት «እሳቸው» ያለችውን ሰው ነው እንዲህ የምትለው።

ባለጓንቱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«አልሰረቀም» አለ። «ካርዱ አልተቀየረም። ያቺን ምራቂ የሰካኋት እኔ ነኝ፤ ማስገቢያውን የዘጋችው እሷ ናት። መመሪያውን አላነበብኩም። ጠዋት ካርዱን ላይ ሰክቼ አላየሁትም። ይሄ የያዝኩት ካርድ እንኳ ከራሱ ማሽን ነቅሎ የላከልሽ ነው። አሁን የደወለው ጥፋቱን እሱ ላይ እንዳላክክ ሊነግረኝ ነው።»

ንድፍ ሠሪዋ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አፍንጫዋ ትንሽ ተሰበሰበ፣ ከንፈሯ ወደ ጎን ተሳበ። ባለጓንቱ ያንን ፊት ያውቀዋል። አሥራ አንዱን በረሮ ወረቀት ላይ ሲደረድር የራሱ ፊት እንደዚያ ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው፤ የሚገባበት ጠፋው።

«ግሩፑ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው አለ» አለች። «ሁለቱ ከእናንተ ቤት ያዘዙትን ሰርዘዋል። እኔ ነኝ ያሰረዝኳቸው። በአንተ ቃል።»

«አሁኑኑ እጽፋለሁ።»

«አትጽፍም። በድምፅህ ተናገር።»

ስልኳን ሰጠችው። ባለጓንቱ አሰበና ምልክቱን ተጭኖ ተናገረ፤ «ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት የተላለፈው መረጃ በቴክኒክ ችግር ምክንያት በተፈጠረ አለመግባባት የመጣ በመሆኑ፣ የጥገና ቤቱ ባለቤት ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው እንገልጻለን።»

ንድፍ ሠሪዋ ሳትልከው አዳመጠችው። እናቷም ከሶፋው ሆነው አዳመጡት፤ ራሳቸውንም ወዘወዙ።

«ተፈጠረ አልክ» አለች ንድፍ ሠሪዋ። «ማን ፈጠረው? እንገልጻለን አልክ። አንተና ማን ናችሁ? ሌባ ያልከው ሰውዬም እዚህ ውስጥ የለም።» አጠፋችውና ስልኩን መለሰችለት። «እንደገና።»

ባለጓንቱ ስልኩን በላብ በራሰ እጁ ያዘ።

«አጎቴን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያሳደገኝ እሱ ነው።» ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል ቸገረው፤ ጣቱን ግን ከምልክቱ ላይ አላነሳም፤ ንድፍ ሠሪዋም እስኪቀጥል ድረስ ቆማ ጠበቀችው።